የተቆረጠው ዱዓ

መስኡዳ ፊልሙ የተከፈተበትን ስልክ ወዝወዝ አድርገው እንደገና አዩት።

"ነጅዋ፣ ይኸ ነገር ተበላሽቷል። አያትሽ የት ገቡ?"

ነጅዋ ሻንጣዋን መዝጋቷን ቀጠለች።

"ሐይቅ ዳር ፊልም" ሲጀመር ስቱዲዮው የመስኡዳ እህል ማስቀመጫ ክፍል ነበር። የልጅ ልጃቸው ነጅዋና ወንዱ የሚባለው ጓደኛዋ፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ ብለው የቤቱን ብርድ ልብስ ሁሉ ግድግዳው ላይ ሰቀሉት፤ ያን ክረምት መስኡዳ በጋቢ አደሩ። ዓሣ አጥማጆቹ ተዋናይ ሆኑ። የመጀመሪያው ቀን ባላቸው ሙዘይን፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ካሜራው ፊት ዱዓ አደረጉ፤ ሰፈሩ እስላም ክርስቲያኑ አሚን አለ። ከዚያ ወዲህ የሠሯቸው አምስቱም ፊልሞች የሚከፈቱት በዚያ ዱዓ ነበር።

ዘንድሮ አንድ ትልቅ የአዲስ አበባ ድርጅት ስቱዲዮውን ገዛ። ፊልሞቹን፣ ስሙን፣ ነጅዋንም ጭምር፤ ዛሬ እዚያ ሥራ ልትጀምር መሄዷ ነው። አሁን ፊልሙ ሲከፈት የሚሽከረከር የወርቅ ኮከብ ብቻ ይታያል።

"ቆርጠውት ነው እማዬ። የነሱ ምልክት ይቅደም ይላል ውሉ።"

"ዱዓ ይቆረጣል እንዴ? አሚን ያለው ሰውስ? ዋናው ቅጂ አንቺ ጋ የለም?"

"አለ። ግን ማሳየት አንችልም፤ የነሱ ሆኗል።"

"የሙዘይን ዱዓ?"

 መስኡዳ ግራ ገባቸው። ልጆቹን የጠበቃቸው ያ ዱዓ ነው ብለው ነበር የኖሩት፤ እሱ ከተነሣ ይቺን ልጅ እዚያ ማን ይጠብቃታል?

"ሹራብ ይዘሻል?" አሉ፣ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው።

መናኸሪያ ድረስ ከወንዱ ጋር በባጃጅ ሸኟት። ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል በሩን ይዘው ቆሙ።

"እጃችሁን ዘርጉ!"

"እማዬ፣ ሰው እያየን!"

"ይየን!"

ነጅዋ ስልኳን አወጣች።

"አስገቢው!"

"ለማስታወሻ ነው።"

"ያኔስ ለማስታወሻ አልነበር? አስገቢው አልኩ፤ ይኸን ማንም አይገዛውም።"

ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። መስኡዳ ግን የሙዘይን ቃል ከየት እንደሚጀምር ጠፋባቸው።

"ያረቢ፣ ይቺን ልጅ በደህና አግባት። ብርድ አይንካት። ያላነበበችውን ወረቀት አታስፈርማት።"

"እኛንም!" አለ አንዱ ከኋላ ወንበር።

"እነሱንም።"

"አሚን!" አለ ሚኒባሱ ሙሉ። ነጅዋም በባዶ እጇ ፊቷን አበሰች።

መኪናው ከታጠፈ በኋላ መስኡዳ ወደ ወንዱ ዞሩ።

"ከመሐሉ ጀመርኩት መሰለኝ። ይደርሳል?"

"እኔ እንጃ እማማ። አሚን ግን ብያለሁ።"