ሰው የሌለባት ምጽዋ

እናቴ እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ለቂርቆስ አልቅሳ አታውቅም። ታላቅ ወንድሜ ቂርቆስ በደርግ ጊዜ ዘምቶ ምጽዋ እንደቀረ አገር ያውቃል። እሷ ግን «መርዶ ነጋሪ ደጄን አልረገጠም፤ መርዶው ላልመጣ ሰው አላለቅስም» ብላ ፍትሐቱንም ተዝካሩንም ከለከለች። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። በየፋሲካው የእሱን ድርሻ ከሥጋው ስታስቀምጥ ባየሁ ቁጥር «ሞቷል እማዬ፣ ቁርጥሽን እወቂ!» እላታለሁ። ስንጨቃጨቅ እሷም አረጀች፣ እኔም ሸበትኩ።

ከኤርትራ ጋር መንገዱ የተከፈተ ሰሞን የፍኖተ ሰላሙ ፎቶ አንሺ መልካሙ ምጽዋን ሊያይ ተነሣ። እናቴ ይህን ስትሰማ ከምንኖርባት ከገበዝ ማርያም ፍኖተ ሰላም ድረስ ወርዳ ቂርቆስ ከዚያ የላከውን ፎቶ አሳየችው። የወታደር ልብስ ለብሶ ቅስት በር ሥር ቆሟል፤ ከጀርባው ባሕር ይታያል። «እዚች ደጅ ድረስ ሂድልኝና ከተማዋን አንሥተህ አምጣልኝ» አለችው።

ተመልሷል ሲባል በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርን። መንገድ ላይ እጄን ይዛ «ቢሸብትም ቢከሳም፣ ከሚያልፍ ከሚያገድመው ሰው መሃል አላጣውም» አለችኝ። ተናድጄ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

መልካሙ ወንበር ሰጥቶን ኮምፒውተሩን ከፈተ። ደግ ልጅ ነው፤ በሥራው ግን ኩራቱ ልክ የለውም። ባሕሩን አቋርጦ አሮጌው ከተማ ወዳለበት ደሴት የሚያስገባውን መንገድ አሳየን፤ ከባሕር ድንጋይ የተሠሩትን የጥንት ቤቶች፣ የእንጨት ሰገነታቸውን፣ በጥይት የተበሳሳውን ጉልላት፣ ወደቡ ላይ የቆመችውን መርከብ።

«እማሆይ፣ ይቺን ይዩልኝ! ብርሃኗን ይዩ!» ይላል።

እናቴ ብርሃን መቼ ፈለገች? አፍንጫዋ ስክሪኑን ሊነካ ደርሶ በየመስኮቱና በየበሩ ታስሳለች። ሲጨርስ ድገመው አለችው። ደገመው።

«ሰዉስ?» አለች።

«ምን አሉኝ እማሆይ?»

«ሰዉ ነዋ ልጄ! ከዚህ ሁሉ ቤት አንድ እሚወጣ፣ አንድ እሚገባ የለም?»

መልካሙ ግራ ተጋብቶ የመጨረሻውን ፎቶ አወጣላት። ያው ቅስት በር ነው። ግንቡ ተቦርቡሯል፣ ባሕሩ እንዳለ አለ። ቂርቆስ ቆሞበት የነበረው ቦታ ግን ባዶ ነው።

እናቴ መዳፏን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች።

«አልቀዋል» አለች። «አገር ሙሉ ሰው እንዲህ አልቆ እኔ የኔውን ለብቻው ተርፏል ስል! እግዜር ይስጥህ ልጄ፣ ቁርጤን አመጣህልኝ። ምሥራቅ፣ መርዶዬ መጣ።»

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ድምፅዋን ለቃ አለቀሰች። ስታለቅስ ሰምቻት ስለማላውቅ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

መልካሙ ክው ብሎ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «እትዬ ምሥራቅ፣ ኧረ ከተማው ሰው በሰው ነው! ፎቶዬን እንዳያበላሹብኝ እስኪያልፉ ጠብቄ ነው ያነሣሁት። ልንገራቸው?»

ስንት ዓመት የለመንኩት ቀን መጥቷል። ብንነግራት ነገም ደጅ ደጁን ልታይ ነው፤ ሰማንያ አልፏት፣ በየትኛው ጉልበቷ? ዝም ብንላት ልጇን አልቅሳ ታርፋለች። ፎቶው ውሸት ይሁን እንጂ ሞቱ እውነት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

«ተው» አልኩት።

እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ «ስንመለስ ለቄሶቹ ንገሪ፤ ለቂርቆስ ፍትሐት ይድረስለት» አለችኝ።

እሺ ልላት አፌን ከፈትኩ። ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥኩና «ወንድሜን!» ብዬ ጮኽኩ። መልካሙ ሊያነሣኝ ቢል አልነሣ አልኩት።

እናቴ ለቅሶዋን አቁማ ትኩር ብላ አየችኝ። «አንቺማ ድሮ ቁርጥሽን አውቀሽ የለ?» አለችኝ።

አላወቅሁም ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ሞቷል ለማለት የደፈርኩት እሷ ስለምትጠብቅልኝ ነው። አሁን ቂርቆስን የሚጠብቅ የለም።