ሂኒ ሞያ ማፊ

ደበበ ከኡራሉ ሆድ ሥር በጀርባው እየተንፏቀቀ ወጣ። ፀጉሩ ላይ የፍየል በጠጥ ተለጥፏል፤ ፊቱ ግን ሙሽራ ነው።

"ቤተል፣ ሞተሩ አልተጣበቀም። በብረት ሳዞረው እሺ ብሎ ዞረልኝ።"

"አንተም እሺ በልና ራስህን አራግፍ። ፍየሎቹ ዘመዳቸው መስለሃቸው እየመጡ ነው።"

ኡራሉ የድሮ የጦር ካሚዮን ነው። ሽማግሌው ላዶ ከሠራዊቱ ጨረታ ገዝቶት፣ ጥቂት እንደነዳው ሸሪካት ሰፈር ያለው ግቢው ውስጥ ተበላሽቶ ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ ሥሩ ፍየል ያድራል፣ ጋቢናው ውስጥ ዶሮ ይፈለፍላል። ደበበ ደግሞ አገር ቤት ሃያ ዓመት ኡራል ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። ጁባ ሚስቱ የኔነሽና ልጁ ቤተል ጋ ከመጣ ወር ቢሆነው ነው። በዚህ ወር የጀበል ሰፈርን ጋራዦች ሁሉ አንኳኩቶ "ሹጉል ማፊ" ተብሏል፤ ሥራ የለም ማለት ነው። "ማፊ" የለም ከሆነ "ፊ" አለ እንደሆነ ቤተል ነግራዋለች፤ እስካሁን የሚጠቀምበት ዕድል አላገኘም እንጂ።

ዛሬ ኡራሉን ሊገዛበት የየኔነሽ እቁብ ካልሲው ውስጥ ነው። ካስተም ገበያ፣ ምግብ ቤት ውስጥ ቆማ ያጠራቀመችው እቁብ። የግቢው በር ላይ ብረት ነጋዴዎች የመቁረጫ ጋዛቸውን አቁመው ይጠብቃሉ። ደበበ ከላዶ ጋ በዋጋ ካልተስማማ ኡራሉ እስከ ማታ ተቆራርጦ ያልቃል።

ላዶ በምርኩዙ እየተደገፈ መጣ። ደበበ ለሰላምታ እጁን ዘረጋ፤ እስከ ክንዱ ግሪስ ነው። ሽማግሌው እጁን አየና ራሱን ነቀነቀ።

"ሞያ ማፊ" አለ በሐዘን። "ሂኒ ሞያ ማፊ።"

ደበበ እጁን ሰበሰበ። ቁልፎቹን እያንቋቋ ሣጥኑ ውስጥ ወረወራቸው።

"ነይ እንሂድ።"

"የት?"

"እጄን አይቶ ሞያ የለህም ይበለኝ? ይኼን እጅ?"

በሩ ጋ ሲደርስ ነጋዴዎቹ ተነሡ፤ አንደኛው ጋዙን እያንከባለለ ወደ ኡራሉ ገባ። ቤተል ግን ጎማው ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

"አባዬ፣ ተመለስ። ሂኒ እዚህ ማለት ነው፤ እዚህ የምትታጠብበት ውሃ የለም ነው ያለህ።"

"ሞያ አላለም?"

"ብሏል። እዚህ ሞያ ውሃ ነው። ወር ሙሉ ምን ስትጠጣ ነበር?"

"እናትሽ ስትቀዳልኝ ነዋ" አለ ደበበ፣ ሣጥኑን መሬት እያስቀመጠ።

ቤተል የሆነውን ለላዶ በአረብኛ ነገረችው። ሽማግሌው እስኪያስለው ሳቀ። ሳቁ ሲያልፍለት በምርኩዙ ወደ ውጭ እያሳየ ብዙ ተናገረ።

"ምን አለ?"

"ዝናብ ሲጥል የውሃ ቦቴዎቹ ጭቃ ፈርተው እዚህ ሰፈር አይገቡም። ሚስቱ ከወንዝ በጄሪካን ትሸከማለች። ኡራሉን ሲገዛም ውሃ ሊያመላልስበት ነበር።"

ደበበ ወደ ስድስቱ ጎማዎች ዞረ። ከድንበሩ ከተማ ከኒሙሌ ዕቃ ሊጭንበት ነበር ያሰበው። ጎንበስ ብሎ የፊት ዲፈረንሻሉን መታ መታ አደረገው።

"ስድስቱም ይስባሉ" አለ ለራሱ። "ይኼ ጭቃ ይፈራል?"

"ነጋዴዎቹ ዋጋ ጨምረውለታል" አለች ቤተል ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "አስነሣዋለሁ ያለ ሁሉ ውሸታም ሆኖበታል። 'ይኼኛው በምን ይለያል?' ነው የሚለው። ተወው ለኔ፣ እኔ አሳምነዋለሁ።"

ልታሳምነው ትችላለች። ካስተም ላይ የሞባይል ካርድ የምትሸጥ ልጅ ናት፤ ስልክ ለሌለው ሰው ካርድ ሸጣ ታውቃለች። ጉሮሮዋን ጠረገች።

ደበበ ግን ክንዷን ያዝ አድርጎ ከፊቷ አለፈ። በግሪስ የተለወሰ መዳፉን የኡራሉ ኮፈን ላይ አሳረፈ። ቃሉን ሲፈልግ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

"ሂኒ" አለ። "ሂኒ ሞያ ፊ።"

ላዶ እጁንም ኮፈኑንም አየ። ከዚያ ምርኩዙን አንሥቶ ጋዝ ወደያዘው ሰውዬ ዞረ።

"ኸላስ" አለው፣ በቃ፤ በሩንም አሳየው።

ቤተል አባቷ ውሃ ለማለት ይሁን ሞያ ለማለት ልትጠይቀው አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው፤ ካልሲውን እንዲያወልቅ ብቻ በአገጯ ጠቆመችው።