ጣራ ላይ ያሉት ጣውላዎች

የቀለም ቀማሚዋ ከነጋ ጀምሮ እግሯ መሬት አልይዝ ብሏታል። መስኮት ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፤ ያጠበችውን ብልቃጥ መልሳ ታጥባለች። የቀለም ፋብሪካውን ከመንግሥት የገዛው ባለሀብት ዛሬ ቤተ ሙከራውን ሊያይ ይመጣል። ባለፈው ጊዜ «አሠራሩን ከውጭ ገዝቼ ማምጣት ስችል እናንተን ለምን እቀልባለሁ?» ብሏት ነበር። ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ መልሱ ግን ያለው ጣራ ላይ ነው።

እዚያ እሷ በቀመመችው ቀለም የተቀቡ ጣውላዎች ሁለት ዓመት ሙሉ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅባቸው ከርመዋል። ቀለማቸው ካልተላጠ ቤተ ሙከራው ይተርፋል። የሙከራ ጊዜያቸው ሳይሞላ ማየት ለእሷ ነውር ስለሆነ፣ መላጥ አለመላጣቸውን እሷም አታውቅም።

ባለሀብቱ መጣና አብረው ደረጃውን ወጡ። ጋሽ ብሩሽ እያለከለከ ተከተላቸው። ይህ የዕቃ ቤት ሰው ቅጽል ስሙን ያገኘው ያለ ነገር አይደለም፤ በመንግሥት ጊዜ «ጎብኚ ሊመጣ ነው» ከተባለ ግድግዳ አይል፣ የዛፍ ግንድ አይል፣ ያገኘውን ሁሉ ይቀባ ነበር። አንድ ጊዜማ የቆመ ጋሪ ከነጎማው ቀብቷል።

ጣራው ላይ ሲደርሱ ቀማሚዋ ክው አለች። ጣውላዎቹ ያብለጨልጫሉ።

«ሁለት ዓመት ዝናብ የመታቸው እነዚህ ናቸው?» አለ ባለሀብቱ። «ድንቅ ነው!»

ጋሽ ብሩሽ በኩራት ጠቀሳት። ደሟ ፈላ፤ መልሶ ደግሞ አንጀቷን በላት፤ ሽማግሌው ለእሷው ብሎ ነው። አዎ ብትል ቤተ ሙከራው ይተርፋል። ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ ይባል የለ? ግን ቀለሙ ነገ የሰው ግድግዳ ላይ ቢላጥስ?

«ትናንት ነው የተቀቡት» አለች። «የኔ ቀለም ከሥር ነው።»

«ምን ከሥር አለ!» አለ ጋሽ ብሩሽ። «አሮጌውን ጥርግ አድርጌ ፍቄ ነው የቀባሁት!»

ባለሀብቱ ሁለቱንም አፈራርቆ አያቸው። «በመንግሥት ጊዜም እንዲህ ነበር የምታሳዩት?»

«አዎ» አለች ቀማሚዋ። «ለዚህ አይደል የሸጡን?»

ባለሀብቱ ሳቁ አመለጠው፤ ወዲያው ኮስተር አለ። «የመንግሥት ገንዘብ ውጤት እስኪወጣ ይጠብቅዎት ነበር። የኔ አይጠብቅም። አንድ ክረምት ልስጥዎት፤ ከዚያ ውጤት ካላየሁ ቤተ ሙከራውን እዘጋዋለሁ።»

አንድ ክረምት ለሙከራው እንደማይበቃ ታውቃለች። «እሺ» አለች።

እሱ ሲወርድ እንባዋን በጋዋኗ እጅጌ ጠረገች። «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ማንም ቢመጣ እዚህ ምንም እንዳይቀቡ።»

ሽማግሌው አንገቱን ደፋ። ትንሽ አሰበና፣ «ሚኒስትር ቢመጣስ?» አላት።

እጇን ዘረጋች። «የጣራውን ቁልፍ ይስጡኝ።»