በቁሜ የተለቀሰልኝ ቀን

ከሐጅ በተመለስኩ በማግስቱ ታምሜ ወደቅሁ። ሰፈሩ ምክንያቱን ለማግኘት ተሻማ። አንዷ የአረብ አገር ውሃ ነው አለች፣ ሌላዋ ዓይን በልቷት ነው አለች፣ ከአፍንጮ በር ድረስ ልትጠይቀኝ የመጣች ዘመዴ ደግሞ የግመል ሥጋ ነው ብላ ድርቅ አለች። የግመል ሥጋ በአፌ አልዞረም። ከረመዳን በፊት ጅዳ ወንድሜ አብዱልሰላም ዘንድ ሄጄ፣ ጾሙን እዚያው ጾሜ፣ ሐጄን አድርጌ፣ አምስት ወር ሙሉ ሙቀት ስጠግብ ከርሜ በታኅሣሥ ብርድ ፒያሳ ላይ ወረድኩ። ሳንባዬ ምን ያድርግ? የጣለኝ ብርድ ነው። ብርዱ ላይ ንዴት ተጨመረበት፤ የማወራውም ስለ ንዴቱ ነው።

ዓመቱ ሰባ ነው፤ ቀይ ሽብር የታወጀበት። ቤቴ አራዳ ጊዮርጊስን አለፍ ብሎ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ባለ ግቢ ውስጥ ነው። ግቢው የሁለታችን ነው፤ የኔና የሰርክአዲስ። እኔ እስላም እሷ ክርስቲያን ነን፤ በፋሲካ የኔን ዶሮ በእስላም እጅ አሳርዳ ለብቻ ትሠራልኛለች። ልጇን ፍስሃን ስትወልድ አራስ ቤት ታማ ነበርና እሱን ከኔ ልጅ ከረሻድ ጋር እያፈራረቅሁ ያጠባሁት እኔ ነኝ። በኛ ሃይማኖት ያጠባች እናት ናት። እሱም ሲጠራኝ «እማ ነጂባ» ነበር የሚለኝ።

የመጣሁ ዕለት ሰርክአዲስ በር ላይ ቆማ ተቀበለችኝ። አቀፈችኝ፣ ሳቀች፣ ከልክ በላይ ሳቀች። ነጠላዋን እንደማንኛውም ቀን ለብሳለች።

«ፍስሃስ?» አልኳት።

«አለ» አለች።

«ዩኒቨርሲቲ ነው?»

«አለ አልኩሽ እኮ ነጂዬ። ይልቅ ወደ ቤት ግቢ፣ ብርድ ነው።»

ረሻድ ቴሌ ነው የሚሠራው፤ ጠንቃቃ ሰው ነው። ወደ ውስጥ ካስገባኝ በኋላ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ ነገረኝ። ፍስሃን ኅዳር ላይ ከስድስት ኪሎ ወሰዱት። እናቱ አንድ ጠዋት ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ መንገድ ዳር ተጥሎ አየችው። ሬሳውን አልሰጧትም። ለአናርኪስት ያለቀሰ አናርኪስት ነው ተብሎ በቀበሌ ተነገራት፤ ዘገዬ የሚባል አብዮት ጠባቂም በራችን ላይ ቆመ። ከኛ በታች ያለው ግቢ ውስጥ አንዲት እናት ጮኻ ነበር፤ የቀራትን ልጅ በማግስቱ ወስደውባታል። ሰርክአዲስም አንዲት ሴት ልጅ ቀርታታለች። ስለዚህ ገበያ ሄደች፣ ሽንኩርት ገዝታ መጣች፣ ወጥ ሠራች። ሰው ሰላም ሲላት ደህና ነኝ አለች።

ያን ሰምቼ ተኛሁ። ስነቃ ጎኔን ይወጋኛል፣ እንደ እሳት እነዳለሁ፣ እንቀጠቀጣለሁ። ያስታመመችኝ ሰርክአዲስ ናት። ፎጣ አርሳ ግንባሬ ላይ ታደርጋለች፣ አጥሚት ታጠጣኛለች፣ ልብሴን ትቀይርልኛለች። ዓይኗ ደረቅ ነው። ልጇን ቀብራ ቢሆን ኖሮ እኔ ነበርኩ እሷን መደገፍ የነበረብኝ፤ ሰፈሩ ሁሉ ቤቷ አድሮ፣ ንፍሮው ተቀቅሎ፣ ድንኳኑ ተተክሎ። እሷ ግን የኔን ላብ ትጠርጋለች። ተናደድኩ፤ በሷም ተናደድኩ።

«አልቅሺ እንጂ» አልኳት።

«የት?» አለች።

«እንዴት የት?»

«ቤቴ ባለቅስ በር ላይ ዘገዬ ቆሟል። ቤተ ክርስቲያን ባለቅስ የሚያይ አይጠፋም። የቀረችኝን ይዘውብኝ ይሄዳሉ። አፌን ትራስ ውስጥ ቀብሬ ሞከርኩት ነጂዬ። ለቅሶ ያለ ድምፅ፣ ያለ ሰው አይወጣም።» ፎጣውን ጨምቃ ግንባሬ ላይ መለሰችው። «እዚህ ጋ ቆሟል» አለች፣ ጉሮሮዋን በጣቷ ነክታ።

በማግስቱ ረሻድ ድሬሰር ይዞ መጣ። ሰውየው ደረቴን አዳመጠና ሳንባ ምች ነው፣ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይግቡ አለ። መርፌ ወግቶኝ ወጣ። ረሻድ ታክሲ ሊጠራ ሲሮጥ፣ ከመንገድ ማዶ የምትኖር ጎረቤታችን ወሬውን ሰምታ ገባች። ፊቴን ስታይ «ወይኔ ነጂባ» ብላ ግድግዳ የሚሰነጥቅ ጩኸት ለቀቀችው። ዘገዬ ጠመንጃውን ይዞ በበሩ አንገቱን አስገባ። ሐጂያ ልትሞት ነው አሉት። «እግዜር ይማራት» አለና ወደ ቦታው ተመለሰ።

ሴትየዋ እንዳሻት አለቀሰች፤ ማንም ምንም አላላትም። ለካ ለኔ ማልቀስ አልተከለከለም። እኔ ከመካ የመጣሁ አሮጊት ነኝ፣ ፓርቲ የለኝም። ወደ ሰርክአዲስ ዞር ስል ፎጣውን በሁለት እጇ ጨብጣ ጥርሷን ነክሳለች። ያኔ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ገባኝ።

ረሻድ ተመልሶ «ታክሲው ደርሷል፣ ተነሺ» አለኝ።

«ታክሲውን ማታ ይምጣ በለው። አሁን ሂድና ለሰፈሩ ሁሉ እናቴ ልትሞት ነው፣ ኑና ተሰናበቷት በልልኝ።»

ሰርክአዲስን አየ፣ እኔን አየ። ልጄ ሞኝ አይደለም፤ ወዲያው ገባው።

«እማ፣ ሳንባ ነው እኮ፣ ቀልድ አይደለም። ብትሞቺስ?»

«ብሞት ለቅሶው ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል።»

«ደግሞ በኛ ሃይማኖት ጩኸትና ደረት መምታት ነውር ነው። ሐጂያ ነሽ፤ ከመካ ከመጣሽ ገና መቼሽ ነው?»

«እሱን ከአላህ ጋር እኔ እነጋገራለሁ። አንተ ከሰፈሩ ጋር ተነጋገር።»

ረሻድ ጠንቃቃ ነው እንጂ ፈሪ አይደለም። ሄደ። ስለ ታመመች እናቱ እንጂ ሌላ ነገር ለማንም አልተናገረም፤ መናገርም አላስፈለገውም። ከሰዓት በኋላ ግቢው ሞላ። ሸማኔው መጣ፣ ወርቅ ሠሪዎቹ ሱቃቸውን ዘግተው መጡ፣ ለዓመታት የተኮራረፉ ሴቶች ጎን ለጎን ቆሙ። ለኔ እንዳልመጡ ከፊታቸው ያስታውቃል። አልከፋኝም።

ሰርክአዲስን እጇን ይዤ ወደ አልጋዬ ሳብኳት። «አልቅሺልኝ» አልኳት። «የፈለግሽውን ያህል፣ የፈለግሽውን ብለሽ። ስሙ ብቻ ነጂባ ይሁን።»

ነጠላዋን አወለቀችና አዘቅዝቃ ለበሰችው፤ የሐዘን አለባበስ ነው። ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሴቶች በሙሉ እንደሷ አደረጉ።

«ነጂባ ልጄ» ብላ ጀመረች። በዕድሜ እበልጣታለሁ። «ነጂባ አንድዬ፣ ፂምሽ ሳይወጣ፣ ደብተርሽን ሳትዘጊ። በየትኛው አፈር ጣሉሽ፣ ማን ገነዘሽ፣ እጅሽን ማን አጣጠፈልሽ።» ደረቷን መታች። ያ ጉሮሮዋ ላይ ቆሞ የነበረው ነገር ሲወጣ ድምፁ የሰው አይመስልም ነበር። ሌላዋ ከበስተኋላ ተቀበለቻት፤ ኳስ ስትለጊ የሰበርሽብኝን መስተዋት ምነው ደግመሽ በሰበርሽብኝ ነጂባ አለች። ወንዶቹ ግቢ ውስጥ ኮፍያቸውን አውልቀው አለቀሱ። እኔ ኳስ ለግቼ አላውቅም። ትኩሳቱ እያንቀጠቀጠኝ፣ ጎኔ እየተወጋ፣ አብሬያቸው ስለ ራሴ አለቀስኩ።

ዘገዬ ገባ። እዚሁ ሰፈር ያደገ ልጅ ነው፤ ያን ኳስ አብሮ ተጫውቷል።

«የማን ለቅሶ ነው?» አለ።

«የኔ» አልኩት።

«እርስዎ አልሞቱማ።»

«ከሞትኩ በኋላ ምን ይሠራልኛል? በጆሮዬ መስማት እፈልጋለሁ።»

«እማማ ነጂባ፣ እኔን ሞኝ አያድርጉኝ። ፂም ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ደብተር ሲሉ ሰምቻለሁ። ለአብዮቱ ጠላት ማልቀስ ክልክል ነው። ማን እንደጀመረው ይነገረኝ።»

ሰርክአዲስ በዓይኗ ልጇን ፈለገች፤ ልጅቷ ቁም ሣጥኑ ጎን ተለጥፋ ቆማለች። ዘገዬም ዓይኗን ተከትሎ ልጅቷን አያት። አንድ ሰው አፉ ቢያዳልጠው ልጅቷ ያን ዕለት ቤቷ አታድርም።

ተነሥቼ ተቀመጥኩ። ጉልበቱን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

«ፍስሃ» አልኩ። «ፍስሃ ልጄ፣ ጡቴን ያጠባሁህ።»

ያን ስም ከኅዳር ወዲህ በዚያ ግቢ ጮክ ብሎ የጠራ አልነበረም።

«ምን አሉ?» አለ ዘገዬ።

«ትኩሳቱ ነው የሚናገረው። ድሬሰሩን ጠይቀው። ትኩሳት የያዘው ሰው አፉን አይጠብቅም። ቀበሌው ትኩሳት የሚያስር ከሆነ ና እሰረው።»

«ይተዉ፣ እማማ።»

«ለቅሶውን የጀመርኩት እኔ ነኝ፣ ስሙን የጠራሁትም እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አትፈልግ። መንግሥትህ ዒድን በዓል አደረግሁላቸው እያለ በሬዲዮ ይመካል። ከመካ የመጣች ሐጂያ ከሞት አልጋዋ ተጎትታ ታሰረች ይባልለት? ጎትተኝ። መርካቶ ሳይመሽ ይሰማዋል።» ከዚያ እስከ መንገድ እንዲሰማ አድርጌ ደግሜ ጠራሁት። «ፍስሃ!»

ዘገዬ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። ላቡ ወርዷል። ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ምን እንደሚደረግ የነገረው ሰው የለም። «ብዙ አትጩኹ» ብሎ ወጣ።

ሰርክአዲስ አልጋዬ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። ልጇን ወደ እቅፏ ሳበቻትና ሁለቱም ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። እኔ ተዝለፍልፌ ትራሴ ላይ ወደቅሁ።

«አሁን ውሰደኝ» አልኩት ረሻድን።

ሰርክአዲስ እንባዋን ሳትጠርግ ብድግ አለች። «አብሬሽ ልሂድ።»

«የትም አትሄጂም። ይሄ ለቅሶ ቤት ነው፤ ባለቤቷ አንቺ ነሽ። ተቀመጪ።»

ረሻድና ሸማኔው ደግፈውኝ በሩ ጋ ስንደርስ ዘገዬ ቆሟል። ከኋላችን ለቅሶው እንደገና ከፍ ብሏል።

«እርስዎ ሄዱ አይደል?» አለኝ። «አሁን ለማን ነው የሚያለቅሱት?»

«ለኔ ነዋ» አልኩት። «ድኜ እስክመለስ እንዳያቆሙ ነግሬያቸዋለሁ።»

ሐኪም ቤት ብዙ ቀን ተኛሁ። ሐኪሙ ተሽሎሻል፣ ወደ ቤትሽ መግባት ትችያለሽ ሲለኝ ጎኔን አሁንም ይወጋኛል አልኩት፤ አልቸኮልኩም። ሰርክአዲስ ያን ጊዜ ሁሉ እኔ ቤት ተቀምጣ ልጇን አለቀሰች።