በጥርስ የተያዘ ክር

አርማንድ ቴሲየር ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው። ጉልበቷ አይታማም፤ ምላሷ ደግሞ ከጉልበቷ ይብሳል። በፓሪሱ የሜኒልሞንታን ሰፈር ሥጋ ሻጩም ዳቦ ጋጋሪውም እሷን ሲያዩ ንግግራቸውን ያሳምራሉ። ያን ጠዋት ግን "ሦስቱ ፋኖሶች" በተባለው አሮጌ የዘፈን አዳራሽ የጓሮ በር ስትገባ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። በዚህ በር ለመጨረሻ ጊዜ የወጣችው ከአርባ ስድስት ዓመት በፊት ነው። ያኔ የዘፋኟ የሞድ ካሪቫል አልባሽ ነበረች።

አሁን የሞድን ሕይወት ፊልም እየሠሩት ነው። አርማንድን የጠሯት ስለ ልብስ እንድታማክራቸው ብቻ ነው። እሷ ግን የመጣችው በስክሪፕቱ ሰባ አራተኛ ገጽ ምክንያት ነው። እዚያ ገጽ ላይ ሞድ ኮኛክ ትጨልጣለች፣ እየተንገዳገደች መድረክ ትወጣለች፣ የዘፈኑ ግጥም ይጠፋባትና ሕዝቡ ያፏጭባታል። ጋዜጦቹም ያኔ የጻፉት ይህንኑ ነበር። ሞድ ከዚያ ምሽት በኋላ መድረክ አልወጣችም፤ በዓመቱ ሞተች።

ግጥሙ መጥፋቱ እውነት ነው። ኮኛኩ ግን ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። ይህን የምታውቅ፣ በሕይወት ያለች ሰው አርማንድ ብቻ ናት። ዛሬ ዝም ካለች ሞድ ሰካራም እንደተባለች ትቀራለች። ከተናገረች ደግሞ የራሷን ጉድ አብራ ማውጣቷ ነው።

ሞድን የምትጫወተው ክሌማንስ የምትባል ቀጭን ልጅ ናት። ጥቁሩን ቀሚስ ለብሳ መስታወት ፊት ቆማለች። አርማንድ ከኋላዋ መጥታ የቀሚሱን ዚፕ በሁለት ጣቷ ያዘችው፣ የሞተች አይጥ ያነሳች ይመስል።

"ይሄን ያደረገው ማነው?"

"የልብስ ክፍሉ ነው፣ ማዳም። ምነው፣ አላማረም?"

"ለሻንጣ ያምራል።"

ክሌማንስ ሳቀች። አርማንድ ግን መቀሷን አውጥታ ዚፑን ከላይ እስከ ታች ተረተረችው። አጠገባቸው የቆመችው የልብስ ክፍሉ ኃላፊ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

"ሞድ ዚፕ አታውቅም" አለች አርማንድ መርፌዋ ላይ ክር እያስገባች። "አንድ ሳምንት ትከሳለች፣ አንድ ሳምንት ትወፍራለች። እኔ በየምሽቱ ቀሚሱን እላይዋ ላይ እሰፋዋለሁ። ሃያ ሁለት ስፌት ነው። ዘፍና ስትመለስ ቆርጬ አወጣታለሁ።" ከዚያ ጣት የምታህል ክር በጠሰችና ወደ ልጅቷ አፍ ዘረጋች። "ንከሺ።"

"ምኑን?"

"ክሩን ነዋ! ሰው ላይ ሲሰፋ፣ የለበሰው ሰው በጥርሱ ክር ይይዛል። አለዚያ መርፌው የምታስታውሺውን ሁሉ አብሮ ይሰፋብሻል። እኛ አልባሾች ከእናቶቻችን የተማርነው እንዲህ ነው።"

ክሌማንስ ክሩን ነከሰች። በከንፈሯ ጥግ "ያምኑበታል?" ብላ ጠየቀች።

የአርማንድ እጅ አራተኛው ስፌት ላይ ቆመ። ይህን ጥያቄ ለአርባ ስድስት ዓመት ስትሸሸው ኖራለች።

"ያን ምሽት ሞድ መጠጥ ከተወች አርባ አንድ ቀኗ ነበር" አለች። "እጇ ይንቀጠቀጣል። እኔም ጠረጠርኩ። ልትታጠብ ስትገባ ቦርሳዋን በረበርኩት። ያገኘሁት የአኒስ ከረሜላና ሹራብ ነው፤ ጀምራው ያልጨረሰችው የልጅ ሹራብ። ለማንም አልነበረም፤ እጇን ሥራ ለማስያዝ ነው። ቀና ስል በሩ ላይ ቆማለች። 'አንቺም፣ ማንዲ?' አለችኝ። ስታቆላምጠኝ ማንዲ ነበር የምትለኝ።"

"እርስዎስ ምን አሏት?"

"ምን እላለሁ! ጥፋተኛ ሲያፍር ይቆጣል። ምንም ሳልናገር ሰፋኋት። ክር አልሰጠኋትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ግጥሙ ጠፋት። ወደቆምኩበት መጋረጃ ዞራ አየችኝ።" አርማንድ መርፌውን እጅጌዋ ላይ ሰካች። "እኔ እኮ ዘፈኖቿን ሁሉ በቃሌ አውቃቸዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሯትም?"

"አኩርፌ ነበር።"

ክሌማንስ እንባዋ መጣ። ክሩን ግን ከጥርሷ አልለቀቀችም። ለዚህም አርማንድ በሆዷ ወደደቻት።

ዳይሬክተሩ ፋብሪስ ታሪኩን ሲሰማ ጺሙን አሻሸ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፊልም ሠሪ ነው እንጂ።

"ማዳም አርማንድ፣ አምንዎታለሁ። ግን ኮኛኩን ካወጣሁት ግጥሙ ለምን እንደጠፋት ተመልካቹ አይገባውም።"

"አይግባዋ! እኔስ ይኸው እስከዛሬ መቼ ገባኝ? ክሩ ይሁን፣ ኩርፊያዬ ይሁን፣ ድካም ይሁን አላውቅም። የማውቀው አለመጠጣቷን ነው።"

ፋብሪስ አንድ ጊዜ ያለ ጠርሙስ ሊሞክረው ተስማማ።

አዳራሹ በተቀጠሩ ታዳሚዎች ተሞላ። ክሌማንስ ወጥታ ዘፈነች። ሁለተኛው ዘፈን ላይ፣ "በሩን..." ብላ ቆመች። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ከኋላ ፉጨት ተነሳ። ክሌማንስ ቀስ ብላ ወደ መጋረጃው ዞረች። አርማንድም ከመጋረጃው ጀርባ አላስቻላትም።

"በሩን አትዝጉት፣ ገና እየመጣሁ ነው!" አለች ጮክ ብላ።

ክሌማንስ ቃሉን ከአየር ላይ ቀልባ ዘፈኑን ቀጠለች። ታዳሚው ሳይታዘዝ አጨበጨበ። ፋብሪስ ዓይኑን እየጠረገ ከወንበሩ ተነሳ።

"ይሄ ነው! ይሄ ይቀራል! አልባሿ ቃሉን ታቀብላታለች፣ ሕዝብ ያለቅሳል!"

አርማንድ ተፈተነች፣ መፈተን ብቻም አይደለም፣ ልቧ ቀለጠ። ፓሪስ በሙሉ እሷን ጓደኛዋን ስታድን ሊያያት ነው። ግን ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች።

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል እንዲህ ነው። ያን ምሽት አልጮህኩም። ሞድን ከውሸት አወጣሁ ብዬ እኔ ልግባበት?"

"ታዲያ ምን ይታይ?"

"አፏን ዘግታ የቆመች አልባሽ ትታያ።"

"ለዚያ የሚሆን ተዋናይት አላዘጋጀሁም።"

"ተዋናይት ማን ጠየቀህ፣ ልጄ? ከኋላ አንሳኝ። ፊቴ አርጅቷል እንጂ ጀርባዬ ገና ነው።"

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ያንን ዝምታ እንደገና ልትቆመው ነው። ክሌማንስ ወደ መድረክ ከመውጣቷ በፊት ወደ መጋረጃው ጥግ መጣች። ከጥቅሉ ጣት የምታህል ክር በጥሳ ዘረጋችላት።

"ይንከሱ።"

"እኔን የሚሰፋኝ የለ።"

"ይሁን፣ ይንከሱ።"

አርማንድ ነከሰችው። ዘፈኑ ተጀመረ። "በሩን..." አለችና ልጅቷ ቆመች። ፉጨቱ ተነሳ። ክሌማንስ ዞረች፤ ዓይኗ ቃሉን ጠበቀ፣ ጠበቀ። ቃሉ አርማንድ ጉሮሮ ድረስ መጣ። እሷም ክሩን ጥርሷ እስኪያማት ነክሳ፣ እንባዋ አገጯ ላይ እየወረደ፣ ያን ምሽት እንደቆመችው ቆመች።

"ይብቃ!" አለ ፋብሪስ። ድምፁ ሰለለ። "ይሄው ነው። ኮኛኩን ከስክሪፕቱ አውጡት።"

መብራቱ ተቀነሰ። ታዳሚዎቹ ኮታቸውን ለማንሳት ብድግ ሲሉ አርማንድ ክሩን ከአፏ አውጥታ ወደ መድረኩ መሐል ሄደች። በተሰነጠቀ ድምፅዋ ዘፈኑን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አለችው። ካሜራው ጠፍቶ ነበር። ሰዎቹም ኮታቸውን በክንዳቸው እንደያዙ ተመልሰው ተቀመጡ።