አቮካዶና አራት ማንኪያ ስኳር

ስንቅነሽ አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ አውቶቡሶች ለምሳ በሚቆሙበት ጥግ፣ ጁስ ቤት ከከፈተች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ስለ አቮካዶ ያልተጠየቀችውንም ትናገራለች። አንድ ብርጭቆ እስኪፈጭ ድረስ ተሳፋሪው የፍሬውን ታሪክ ሰምቶ ይጨርሳል፤ አገሩ ሜክሲኮ መሆኑን፣ ሰው መብላት ከጀመረው ብዙ ሺህ ዓመት ማለፉን፣ ወደ እኛ ደግሞ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ግድም መጥቶ ሂርና መተከሉን። “በዚሁ መንገድ ነው ቁልቁል የወረደው” ትላለች ወደ ሐረርጌ እየጠቆመች፣ ራሷ ጭና ያመጣችው ይመስል። ማሳረጊያዋም ሁሌ አንድ ነው፤ “እዚያ አገሩ በጨውና በቃሪያ ነው አሉ የሚበሉት! ስኳር አያውቁም፣ ምስኪኖች!” ሾፌሮቹ ይስቃሉ። እሷም አብራ እየሳቀች አራት ማንኪያ ስኳር ትገለብጥበታለች።

ታናሽ ወንድሟ ባህሩ ሰመራ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። አርባ ሁለት ዓመት ሞልቶት ሚስት እንኳ አላገባም፤ ከእሱ በቀር ዘመድ የምትለው የላትም። ጥር ላይ ክሊኒክ ተመርምሮ የደሙ ስብ ከልኩ አልፎ ተገኘ። ዶክተር ኑሀሚን “ጮማውን ተው፣ አቮካዶ ብላ፤ የእሱ ስብ ለልብ የሚስማማ ነው፣ ለአንጀትም ጥሩ ነው” አለችው። ስንቅነሽ ይህን ስትሰማ ሜዳሊያ የተሸለመች ያህል ኮራች። በየሳምንቱ ጠንካራ ጠንካራውን እየመረጠች ካርቶን ሞልታ በአውቶቡስ ትልክለት ጀመር። የመንገዱና የሰመራ ሙቀት በጥቂት ቀን አለስልሶ ያበስለዋል።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ፤ ባህሩ ጾሙን በአቮካዶ ጾመው ቢባል ማጋነን አይደለም። ከፋሲካ በኋላ ዳግም ተመረመረና ስልክ ደወለ።

“እታለም፣ አቮካዶሽ ጉድ ሠራኝ” አላት። “ስቡስ ወርዷል። የደሜ ስኳር ግን ወጥቷል። ሦስት ወር ጠብቀን ካልወረደ መድኃኒት ትጀምራለህ ብላኛለች ዶክተሯ።”

ስንቅነሽ መፍጫውን አጠፋችው። እናታቸውን የገደለው ስኳር ነው። መጀመሪያ ጣት፣ ቀጥሎ እግር ተቆርጦ ሲሄድ ያስታመመቻት እሷ ናት፤ ባህሩ ያኔ ተማሪ ነበር። አሁን ደግሞ ወንድሟን በገዛ እጇ፣ በካርቶን እያሸገች መርዝ ስትልክለት የከረመች መሰላት። በማግስቱ ጁስ ቤቷን ዘግታ አውቶቡስ ተሳፈረች። አዋሽ አርባን አልፋ፣ መልካ ወረርን አልፋ፣ ገዋኔ ሲደርሱ እንኳ አፏ ውኃ አልቀመሰም።

ሰመራ ስትደርስ ባህሩን ቬንትሌተር ሥር ተቀምጦ አገኘችው። ሰላምታውን በቅጡ ሳትጨርስ “በል፣ እንደምትበላው አድርገህ ሥራው፤ ልየው” አለችው።

ሁለት አቮካዶ ልጦ በሹካ ደቆሰ። ትልቅ ብርጭቆ ሞላ። ከዚያ የስኳሩን ጣሳ ሳብ አደረገ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። በላዩ ቀይ ሽሮፕ አፈሰሰበት። ትንሽ አሰብ አደረገና አምስተኛ ማንኪያ ደገመ።

“አምስተኛው ምንድነው?”

“የሰመራ ሙቀት ያደክማል፤ ጉልበት ይሆነኛል ብዬ ነው።”

“በቀን ስንቴ ነው እንዲህ የምትጠጣው?”

“በጾሙ ሦስቴ ነበር። ምን ልብላ ታዲያ?”

“አንተ ሰውዬ! ይህን ማን አስተማረህ?”

ባህሩ ዓይኑን አፈጠጠባት። “አንቺ ነሻ! በመጣሁ ቁጥር የምታጠጪኝ እንዲህ አይደል እንዴ?”

ስንቅነሽ አልጋው ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ሳቋ መጣ፤ እንባዋም ተከትሎ መጣ። ጥፋቱ የራሷ መሆኑ ቢያሳፍራትም፣ ከአዋሽ ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ተነሳላት። ያስፈራት የማይታየውና የማይያዘው ነገር ነበር። ይህኛው ጣሳ ውስጥ ያለ፣ ክዳን ያለው ነገር ነው።

ማለዳ ተያይዘው ክሊኒክ ሄዱ። ዶክተር ኑሀሚን ነገሩን ሰምታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። “ስኳር ትወስዳለህ ወይ ብዬህ አልነበር? አልወስድም አላልከኝም?”

“አልዋሸሁም” አለ ባህሩ ኮራ ብሎ። “ሻይ ያለ ስኳር ነው የምጠጣው።”

ጁስ ውስጥ የሚገባውን ስኳር ብሎ የቆጠረው ማን አለ? ዶክተሯ ሳታስበው ሳቀች። ከዚያ ኮስተር ብላ አቮካዶው ራሱ ስኳር የለውም ማለት እንደሚቻል ነገረቻቸው። በቀን ግማሹ ይበቃል፤ ሎሚ ጨመቅ፣ ጨው በቁንጥር፣ ቃሪያ ከትፎ በዳቦ። ማታ ማታም በእግር ሄድ ሄድ ማለት።

ጨውና ቃሪያ! ስንቅነሽ አንገቷን ደፋች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስትስቅበት የኖረችው ነገር መድኃኒቱ ሆኖ ቁጭ አለ።

ሦስቱ ወር ረጅም ነበር። ጁስ ቤቷ ውስጥ ታሪኩን መናገር አልተወችም፤ ምስኪኖች ማለቱን ግን ተወችው። የስኳሩን ጣሳ ከጠረጴዛው አንስታ ከጀርባዋ አስቀመጠች፤ “ይጨመር?” ብላ ሳትጠይቅም አትነካውም። አብዛኛው ሰው ይጨመር ይላል፤ እሷ ግን ሁለት ማንኪያ ላይ ታቆማለች። ሐብታሙ የሚባለው የከባድ መኪና ሾፌር ብቻ በየጉዞው ይጨቃጨቃታል።

ፍልሰታ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐብታሙ ብርጭቆውን እየጠበቀ ሳለ ስልኳ ጮኸ። ባህሩ ነው። እጇ በአቮካዶ እንደተለወሰ አነሳችው።

“ምን አለችህ ዶክተሯ?”

“ካርቶኑን መቼ ነው የምትልኪው? ቤት ያለው አልቋል እኮ።”

“ባህሩ! የደምህ ስኳር!”

“እሱማ ወረደ። ልኩ ላይ ነው፤ መድኃኒት አያስፈልግህም ብላኛለች።” ትንፋሹ ተቆራረጠ፤ ለካ እሱም ፈርቶ ነበር የከረመው። “እታለም፣ ስትልኪ ቃሪያም ጨምሪበት። የሰመራው አያቃጥልም።”

ስንቅነሽ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጣ በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች፤ ፊቷም አረንጓዴ ሆነ። ሐብታሙ ደንግጦ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

“ምነው ስንቄ? መርዶ ነው እንዴ?”

“ኧረ አይደለም” አለች እንባዋ እየወረደ። “ወንድሜ ቃሪያ አማረው።”