የዝናሽ ልቃቂት

አያ አድማሴ ክር ይቀንሳል የሚለው ወሬ ከዝናሽ አፍ የወጣ ነው። ሰላሳ ዓመት እሷ ፈትላ ታመጣለች፣ እኔ እሸምናለሁ፤ ጋቢውን ልትወስድ ስትመጣ በክንዷ ትለካና «አጠረ» ትላለች። ቁስቋም ሰፈር ይህን ያልሰማ የለም፤ ካለም እሷ ትነግረዋለች። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ? የኔ ስም በአጭር ጋቢ ተጠቅልሎ ሊውል ነው።

ዘንድሮ ሰዓሊዋ ፍሬሰላም በስቱዲዮዋ ለጀማሪዎች የሽመና ስልጠና ከፈተችና እኔን አስተማሪ አደረገችኝ። የመጀመሪያው ቀን፣ ከስልካቸው በማይለዩ ወጣቶች መሀል ማንን ባይ ጥሩ ነው? ዝናሽን። ልቃቂቷን በፌስታል ታቅፋ ቁጭ ብላለች።

በኛ አገር ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ዝናሽ ስድሳ ዓመት እስኪሞላት ከሸማኔ ጉድጓድ እግሯን ሰዳ አታውቅም።

«ምነው ዝናሽ፣ በዚህ ዕድሜሽ?»

«ክሬ የት እንደሚገባ በዓይኔ ልየው ብዬ ነዋ፣ አያ አድማሴ።»

ወጣቶቹ ሳቁ። እኔም የሳቅሁ መሰልሁ።

«ሸጋ» አልኋት። «አምስት ክንድ ድር ራስሽ ለክተሽ ዘርጊ። እኔ በጣቴም አልነካው። አርብ ሲያልቅ እዚሁ ሰው ፊት እንለካለን። ካጠረ ሌባዋ አንቺ ነሽ።»

ሳምንቱን ሙሉ አየኋት። ግራውን እርገጪ ስላት ቀኙን ትረግጣለች፤ መወርወሪያው ከእጇ እየሾለከ ሁለቴ ከፍሬሰላም የቀለም ጣሳ ገብቷል።

«ነጠላ ነው የምትሸምኚው ወይስ ወንፊት?» አልኋት አንድ ቀን።

«አስተማሪው ነዋ» አለችኝ፣ ቀና እንኳ ሳትል።

ፈትሏ ግን፣ ሐቁን ልናገር፣ ዓይን ያሳሳል። እንደ እሷ ክር የሚያቀጥን ከዚህ እስከ ማክሰኝት አላየሁም።

አርብ ደረሰ። ሸማውን ከእንጨቱ ፈትታ ዘረጋችውና ለካች። አራት ክንድ ከስንዝር። ደግማ ለካች። ጉድጓዱን አየች፣ ፌስታሉን ገለበጠች፣ የተቀመጠችበትን ቁርበት ሳይቀር አንስታ አራገፈች።

«ተወጥሮ የከረመ ሸማ ሲፈታ ይሰበሰባል» አልሁ። «የድሩ መጨረሻም አይሸመንም፣ እንዲሁ ይቀራል። ሰላሳ ዓመት ነግሬሽ አልሰማ ብለሽ ነው።»

ዝናሽ ብድግ አለች። ነጠላዋን አደግድጋ፣ በዚያ ሁሉ ወጣት ፊት ወደ ጉልበቴ ጎነበሰች።

«ይቅር በለኝ፣ አያ አድማሴ። ስምህን በከንቱ አጠፋሁ።»

ሰላሳ ዓመት የጠበቅሁት ይኸው ነበር። ዝም ብዬ «ይቅር ለእግዜር» ብል ምን ነበረበት? አቃተኝ። አፈርሁ።

«ተነሽ» አልኋት። «ያኔ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ጊዜ ወስጃለሁ። ልጄ ዓይናዲስ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ የማለብሳት አጥቼ፣ ካንቺ ፈትል አንድ ልቃቂት አስቀረሁ። አንድ ጊዜ ብቻ።»

ዝናሽ ቀስ ብላ ቀና አለች።

«አውቃለሁ» አለች። «ያን ዕለት ቤተክርስቲያን ነበርሁ። የገዛ ፈትሌ ይጠፋኛል? ሕፃኗን ሸጋ ሆና አየኋትና ዝም አልሁ። በኋላ ግን ጋቢ በሸመንህልኝ ቁጥር ሲያጥርብኝ፣ ይህ ሰውዬ ለመደበት አልሁ።»

ለካ ያን ሁሉ ዘመን ስሜን ያጠፋሁት እኔው ነኝ።

«እንግዲያ» አለች ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «ይቅርታዬን ግማሹን መልስልኝ።»

ሙሉውን መለስሁላት። ጎንበስ ብዬ ጉልበቷን ሳምሁ።